«ማታ» ሲል ምን ማለቱ ነበር? ይህ ጥያቄ ኋላ ይመጣል፤ መጀመሪያ የመጣው ሌላ ነው።

«ረፋድስ?»

ጥያቄው የመጣው ከመጋዘኑ ጥግ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ከተቀመጠ ወጣት ነው። አስተርጓሚዋ ማርከሯን እንደያዘች ዞር አለች። የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ ግማሹ ምሳውን ያኝካል፣ ግማሹ ያንጎላጃል። ካርቶን ላይ የጻፈችላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ከልቡ የሚከታተል ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

«ምን አልክ?»

«ረፋድ አልኩ። ሞርኒንግ ጠዋት ነው ብለሽናል። ኑን ደግሞ ቀትር። በመሃል ረፋድ አለ አይደል? እሱን ምን ይሉታል?»

አስተርጓሚዋ ካርቶኑን መልሳ አየች። ይህን ያህል ዓመት እንግሊዝኛ ስትማር እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ለብቻው ቃል የለውም። ሌት ሞርኒንግ ይሉታል። የዘገየ ጠዋት እንደማለት።»

«ምስኪኖች!» አለ ወጣቱ ራሱን እየነቀነቀ። «በሰዓቱ የመጣውን ረፋድ ዘገየህ ይሉታል!»

መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። ያንጎላጁ የነበሩትም ነቅተው ሳቁ።

«ተይው ቲቸር፣ እሱ ፈላስፋ ነው!» አለች እትዬ፣ ችግኝ የሚያፈሉት ሴቶች አለቃ። «ውኃ ሲያጠጣ ራሱ ችግኞቹን ሲጠይቅ ነው የሚውለው!»

አስተርጓሚዋ ሳትፈልግ ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ ከዓይኑ ጋር ተገጣጠመ። እሷ ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። እሱ ደግሞ በድንገት አፈረና የከረጢቱን ክር ይጎትት ጀመር። እንግዲህ ፍቅር ሲጀምር ጥሩንባ አያስነፋም፤ የእነዚህ ሁለቱ በአንድ የጠፋ ቃል ነው የጀመረው።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ከውጭ የመጣ ሰው ነበር። ሠራተኛው «ሚስተር» ይለዋል። አማርኛ አንዲት ቃል አይሰማም። ከሱ ጋር የሚነጋገር ሁሉ በአስተርጓሚዋ አፍ ነው የሚነጋገረው። ሰውየው በጠዋት ያገኘው ሠራተኛ ሁሉ «ጉድ ናይት!» እያለ ሲያልፈው ሰለቸውና ነው «እባክሽ ቀኑን ከሌሊቱ የሚለዩበትን ቃል አስተምሪልኝ» ያላት።

ፈላስፋው የሚሠራው ሦስተኛው የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው። የቲማቲም ችግኞቹን ያጠጣል፤ ቀን ቀን በጎን ያሉትን የፕላስቲክ መጋረጃዎች ጠቅልሎ አየር ያስገባል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያወርዳቸዋል። ከዚያ ትምህርት በኋላ ግን የውኃው ጎማ ወደ ቢሮው በር እየረዘመ መጣ። ምን እንደሚያጠጣ እግዜር ይወቅ፤ በር ላይ ችግኝ የለ።

«ጉድ ናይት ቲቸር!» ይላል ብቅ ብሎ።

«ኧረ ጉድ ናይት የመለያያ ነው! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«እንግዲያው አልወደውም። ከቃላቱ ውስጥ አውጪልኝ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመ። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ተከትሏት መንገድ ላይ ደረሰባት። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አንድ ነገር ልልሽ ነበር... በእንግሊዝኛ ስፈልገው አጣሁት።»

«በአማርኛ በለኛ።»

«በአማርኛማ አውቀዋለሁ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ቆመች። የምታውቀውን ነገር ልትሰማ እንደሆነ ገባት፤ ልቧ ግን ምንም እንደማያውቅ ይደልቅ ጀመር።

«እወድሻለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ። «በቃ። ይኸው ነው።»

እሷም ትወደው ነበር። ነገረችውም። ግን ወዲያው ክንዱን ያዝ አደረገችና፣ «አደራህን፣ ጣቢያው ውስጥ ማንም እንዳይሰማ» አለችው። «እኔ የሁሉም አፍ ነኝ። ለአንዱ አዳላች ከተባልኩ ማን ያምነኛል? ሚስተር እንደሆነ አንድ ቃል ከጨመርኩ ይቆጣል። 'ተርጉሚ እንጂ አታውሪ' ይለኛል።»

«እሺ» አላት። ፊቱ ላይ ግን ትንሽ ደመና ነገር አለፈ። ሰው የሚወዳትን ልጅ ደብቃት ሲባል ደስ አይለውም።

ወራቱ ወደ ብርድ ዞረ። አንድ ቀን ፈላስፋው ጎማውን እየጠቀለለ በሹክሹክታ፣ «ዛሬ ስንወጣ ዳቦ ቤቱ ጋ ጠብቂኝ» አላት። «የምነግርሽ ትልቅ ነገር አለኝ።»

ጠበቀችው። ፀሐይዋ ጠለቀች፤ እሱ የለም። የመንገዱ መብራቶች በሩ፤ እሱ የለም። ዳቦ ሻጯ መደርደሪያዋን ጠርጋ፣ በሯን እየዘጋች፣ «ልጄ ብርዱ ይጨርስሻል፣ ማንን ነው?» አለቻት። «ማንንም» አለች አስተርጓሚዋ። እንባዋ አፍንጫዋ ሥር ደርሶ ነበር።

ጨለማው ደህና አድርጎ ከወረደ በኋላ እየሮጠ መጣ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ! ያዙኝ እኮ!»

«ማን ነው የያዘህ?»

ራሱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ሳቀ። «ባሳቅሽ ነበር... ግን ተቆጥተሻል።»

ቀና ብላም አላየችው። «ደህና እደር» አለችና ጥላው ሄደች። «የምነግርሽ አለ እኮ!» ሲል ከኋላዋ ሰማችው፤ አልዞረችም።

የዚያን ዕለት ሌሊት ውርጭ ወረደ።

በማግስቱ ጣቢያው ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። በሦስተኛው የፕላስቲክ ቤት ውስጥ የቲማቲሙ ችግኝ በሙሉ ጠቁሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ በበሩ ያያሉ። ሚስተር ፊቱ በርበሬ መስሏል። ፈላስፋውን አስጠራውና ቢሮው ውስጥ አቆመው። በዚያች ክፍል ውስጥ ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

«መጋረጃዎቹን መቼ እንዳወረደ ጠይቂው።»

አስተርጓሚዋ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ ጠየቀችው። «መጋረጃዎቹን መቼ ነው ያወረድካቸው?»

«ማታ» አለ ፈላስፋው። «ማታ አውርጄ ነው የወጣሁት።»

ማታ ሲላት የታያት ያ ጨለማ ነው። የመንገዱ መብራት፣ የዳቦ ቤቱ የተዘጋ በር፣ ብርዱ። አሃ፣ ለካ መጋረጃውን ረስቶ ኖሮ ነው እስከዚያ የቆየው! ልቧ ውስጥ ያደረው ቂም ቃሉን ተቀብሎ አቀበላት።

«አት ናይት» አለች።

ሚስተር ቀና አለ። «ናይት? ኢቭኒንግ አይደለም?»

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ወደ ልጁ ዞር ብላ «ስንት ሰዓት ላይ?» ማለት። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶም ነበር። ግን 'ተርጉሚ እንጂ አታውሪ' ትዝ አላት። 'አዳላች' የሚለውም ትዝ አላት። ደግሞስ ራሷ በጨለማ ሲመጣ አላየችውም እንዴ? ምኑን ትጠይቀዋለች?

«የስ» አለች። «ናይት።»

ሚስተር ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ትእዛዙ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲወርዱ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለውም። ንገሪው።»

ነገረችው። በገዛ አፏ፣ በገዛ ድምጿ፣ የምትወደውን ልጅ አባረረችው።

«ለምን?» አለ ፈላስፋው፣ ዓይኑ ፈጦ።

«መጋረጃውን አዘግይተህ ስላወረድክ።»

«ማን ነው ያዘገየ? በሰዓቱ ነው ያወረድኩት! በይው እንጂ!»

አለችው። ሚስተር ግን እጁን አወናጨፈ። «አሁን ናይት አላለም እንዴ? አሁን ደግሞ ቃሉን ይቀይራል? ውሸታም ሰው አልፈልግም!» በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ያልከውን ነው ያልኩት።»

«አንቺም አታምኚኝም ማለት ነው?»

«ትናንት በጨለማ ነው የመጣኸው! የት ነበርክ? እስቲ ንገረኝ፣ የት ነበርክ?»

ረጅም ጊዜ አያት። እሷም አሁን ገና አየችው። ፀጉሩ ተከርክሞ፣ ጆሮዎቹ ራቁታቸውን ቀርተው፣ የልጅ ፊት መስሎ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

«አሁን እሱን ብነግርሽ ምን ያደርግልኛል?» አለ። የሥራ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለአስተርጓሚዋ ምን እንደሆኑ እሷ ናት የምታውቀው። ስትደውልለት አያነሳም። አንዴ «ጥፋቱ የሱ ነው!» ትላለች፤ አንዴ ደግሞ ትራሷን እንባ ያጥበዋል። ቢሮው በር ላይ ያለው መሬት ደረቀ፤ ማንም የማያስፈልገውን ውኃ የሚያፈስበት ሰው የለም። ሚስተር የሚላትን ትተረጉማለች፣ ሠራተኛው የሚለውን ትተረጉማለች፤ ምሳዋን ሳትበላ ትመልሳለች። እትዬ አንድ ሁለቴ «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አለቻት። «ጉንፋን ነው» አለች።

አዳዲስ ሠራተኞች ሲገቡ ሚስተር ያንኑ ትምህርት ድገሚላቸው አላት። ካርቶኑን መጋዘኑ ውስጥ አቆመች። ሞርኒንግ። ኑን። አፍተርኑን። የማዳበሪያው ከረጢት ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል።

«ቲቸር፣» አለች እትዬ፣ ምሳ ዕቃዋን እየከደነች፣ «እኔ እነዚህ ሁለቱ ናቸው የሚምታቱብኝ። ኢቭኒንግና ናይት። ማታ የቱ ነው?»

«ሁለቱም ማታ ሊሆኑ ይችላሉ እትዬ» አለች አስተርጓሚዋ ሰልቸት ባለ ድምፅ። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ሲገባ ያለው ኢቭኒንግ ነው። ከጨለመ በኋላ፣ ሰው ሊተኛ ሲል ደግሞ ናይት።»

«እና እኛ ከሥራ ስንወጣ ኢቭኒንግ ነው?»

«አዎ።»

«እኛ ግን ማታ ነው የምንለው። ማታ ወጣን፣ ማታ ገባን...»

«እሱማ በአማርኛ...»

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ማርከሩ ከእጇ ወደቀ።

«እትዬ...» አለች በሰለለ ድምፅ። «ያ ልጅ... ፈላስፋው... ውርጩ የወረደ ቀን መጋረጃውን ሲያወርድ አይተሽው ነበር?»

«ሳላየው! እኛ ልብስ ስንቀይር አይደል እንዴ ያወረደው? ፀሐይቱ ገና ሦስተኛው ቤት ጣሪያ ላይ ነበረች። 'ፀጉር ቆራጩ ጋ ወረፋ ሳይበዛ ልድረስ' ብሎ እየሮጠ ነው የወጣው። ምስኪን፣ ወረፋውም ያው በዝቶ ጠበቀው ነው የሚሉት። 'እትዬ፣ እናቴ ጋ የምወስዳት ሰው አለችኝ፣ ዛሬ ነው የምነግራት፤ ይሄን ጎፈሬ ይዤ እንዴት ፊቷ እቆማለሁ?' አለኝ። የማን ልጅ እንደሆነች አልነገረኝም እንጂ...»

እትዬ ንግግሯን ሳትጨርስ የአስተርጓሚዋን ፊት አየች። ዓይኗ ተገለጠ። አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ለምን ይሄን ያኔ አልተናገርሽም?» አለች አስተርጓሚዋ፣ እያለቀሰች።

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? እኛ ችግኙ ስለሞተ ተባረረ ነው ያልነው። ነገሩ በመጋረጃው ሰዓት እንደሆነ ማን ነገረን?»

አስተርጓሚዋ ትምህርቱን ጥላ ወጣች። በቀጥታ ወደ ሚስተር ቢሮ ሄደች። ይህን ከተናገረች ነገ እዚህ እንደማትሠራ ታውቃለች። የምትሳሳት አስተርጓሚ ማን ይፈልጋል? በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ አንኳኳች።

በእንግሊዝኛ ነው የነገረችው፤ ሳታሳምር፣ ሳትቀንስ። ማታ የሚለው ቃል ሁለቱንም እንደሚይዝ፤ እሷ ደግሞ ሳትጠይቀው አንዱን መርጣ እንደሰጠችበት። ሚስተር ጣቶቹን አቆላልፎ ሰማት።

«እኔ እኮ እሱን አልሰማሁትም» አላት መጨረሻ ላይ። «የሰማሁት አንቺን ነው። ሰውየውን ውሸታም አልኩት፣ በአንቺ ቃል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ መጋረጃው ከወረደ ውርጩ በየት ገባ?»

ሦስቱ፣ ተከትላት የመጣችው እትዬም ጭምር፣ ወደ ሦስተኛው ቤት ሄዱ። ብዙ አልፈጀባቸውም። ከኋላ በኩል፣ ከውኃው በርሜል ጀርባ፣ ፕላስቲኩ ከስፌቱ ተተርትሮ ነፋሱ ያርገበግበዋል። ፈላስፋው ከተባረረ ወዲህ ያን ጥግ ዞሮ ያየ ሰው አልነበረም። ሚስተር ቀዳዳው ውስጥ ክንዱን አስገባ፤ እስከ ትከሻው ገባለት። ፊቱ ቀላ።

«ይጠራ» አለ። «የአንቺን ጉዳይ ደግሞ እሱ ይወስናል። አንቺ በምትተረጉሚበት ቦታ መሥራት ካልፈለገ ሌላ እቀጥራለሁ።»

እትዬ ደወለችለት፤ ለእሷ አነሳላት። በማግስቱ መጣ። ከስቷል። ፀጉሩ ትንሽ ትንሽ በቅሏል። ለሁሉም ሰላምታ ሰጠ፤ አስተርጓሚዋን በዓይኑ አልፏት ሄደ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሚስተር ይቅርታ ጠየቀ። ተረጎመችው። ሥራውን እንደሚመልስለት ነገረው። ያንንም ተረጎመችው። ከዚያ የመጨረሻው መጣ።

«አንቺ የምትተረጉሚለት ከሆነ ይመለሳል ወይ? ጠይቂው።»

«እኔ...» አለች። «እኔ የምተረጉምልህ ከሆነ ትመለሳለህ ወይ ይልሃል።»

ውጪ የውኃው ፓምፕ ይንተከተካል።

«በይው፣» አለ ወደ ሚስተር እያየ፣ «ቃሌን ያበላሸችው አውቃ አይደለም።»

ተረጎመች።

«በይው፣ ስህተቷን ማንም ሳይደርስባት ራሷ መጥታ ተናገረች። ሌላ ብትሆን አፍና ትይዘው ነበር። ሌላ አስተርጓሚ አልፈልግም።»

ግማሽ ላይ ድምጿ ተሰበረ። ሚስተር ውኃ ቀዳላትና ዝም ብሎ ጠበቃት። ጨረሰችው። ሰውየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። እንግሊዝኛም አማርኛም የማያስፈልገው ነገር ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ሳይገባው አልቀረም።

«ይቅር ብሏታል ማለት ነው?» አለ።

ይህን መተርጎም አልፈለገችም። «ተርጉሚ እንጂ» አላት ሚስተር፣ የዛሬው ግን ቁጣ የለበትም።

«ይቅር... ብለኸኛል ወይ ይላል።»

ፈላስፋው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ገና ያልጠፋ ቅያሜ ነበር።

«ማታ እነግርሻለሁ» አለ።

ወደ ሚስተር ዞረች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው። መልሳ ወደ ልጁ ዞረች።

«ማታ ስትል... ስንት ሰዓት ላይ?»

ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነከሰ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ» አላት። «ዳቦ ቤቱ ጋ።»

ዛሬ ቀድሟት ነው የደረሰው። ጎን ለጎን ቆሙ፤ በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ።

«አንቺን ይቅር ማለቱ አልከበደኝም» አለ። «የሚከብደኝ ሌላ ነው። የተባረርኩ ቀን ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። 'ምን አጠፋህ?' አለችኝ። ምንም አላጠፋሁም አልኳት። 'ሰው ያለ ጥፋቱ አይባረርም' አለችኝ። አባቴ ከየሥራው እየተባረረ ነው የኖረው፤ ይተኛ ነበር። እሷ ናት ያሳደገችኝ። እና... 'አንተም እንደ አባትህ' አለችኝ።»

በጫማው ጫፍ አፈሩን ጫረ።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ታቀርብልኛለች፤ ቀና ብላ ግን አታየኝም። ዛሬ ሥራዬን መለሱልኝ ብላት እንኳ 'ለምነህ ነው' ትለኛለች እንጂ አታምነኝም።»

አስተርጓሚዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ክፍተቷን ተሻግራ እጁን ያዘችው። አልነጠቃትም።

«ውሰደኝ» አለችው።

«የት?»

«እናትህ ጋ።»

«አሁን?»

«አሁን!»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እናቱ በመስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው የሰው ሸሚዝ ኮሌታ ይለውጣሉ። በሩ ሲከፈት ቀና አላሉም። መኪናው ይንቋቋል።

«እማማ፣ እንደምን አመሹ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«አስተርጓሚ ነኝ። ልጅዎ የሚሠራበት ጣቢያ...»

«የሚሠራበት? የተባረረበት በይ እንጂ!»

«እማማ፣ ያስባረርኩት እኔ ነኝ።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

በሩ ላይ እንደቆመች ነገረቻቸው። የምትተረጉምለት ሰው በመሃል የለም፤ የሚሸሸጉበት ባዕድ ቋንቋም የለም። «ልጅዎ ማታ አለ፣ እኔ ሳልጠይቀው ከጨለመ በኋላ ብዬ ተናገርኩበት። በሰዓቱ ነው ያወረደው። አልተኛም። አልዋሸም።» እስከ መጨረሻው አላቋረጠችም።

እናትየው ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር እማዬ።»

«ነግረኸኝ ነበር...» አሉ። «እኔ ግን ምን አልኩህ? እንደ አባትህ አልኩህ።» የሚሰፉትን ሸሚዝ አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ፈላስፋው እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ጉልበታቸውን አቀፈ። ራሱን ዳበሱት፤ ብዙ ጊዜ ዳበሱት።

አስተርጓሚዋ ልትወጣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደች።

«የት ነው?» አሉ እናትየው ሸሚዙን ከፊታቸው አውርደው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ አስተያየታቸው ግን የስፌት መርፌ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ስትሳሳቺ በየሠራተኛው ቤት እየዞርሽ ነው የምትናገሪው? ለአንድ ሠራተኛ ብለሽ እንዲህ ታለቅሻለሽ? ለልጄ ምኑ ነሽ?»

ሁለት ቋንቋ የምታውቀው ልጅ በአንዱም መልስ አጣች። ይህን ያህል ጊዜ ደብቀው፣ ደብቀው ስለኖሩት ነገር ምን ይባላል? መሬት መሬት አየች።

ፈላስፋው ከተቀመጠበት ተነሳ።

«የማገባት ናት እማዬ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ ካለችኝ» ብሎ ጨመረበት።

«እሺ» አለች። ከእንባዋ ጋር ነው የወጣው፤ ግን በደንብ ተሰማ።

እናትየው አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡት።

«ታዲያ ምን በር ላይ ያስቆማታል?» አሉት ልጃቸውን። «ወንበር አምጣላት እንጂ!»